ፊኛው ተነፋ፤ ታዲያ ምን ይሁን? የባዮሎጂ ሙከራን ከጥያቄ እስከ መደምደሚያ መንደፍ

ጠርሙስ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ፣ ስኳርና እርሾ ትጨምራላችሁ። አፉ ላይ ፊኛ ትገጥማላችሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፊኛው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ክፍሉ ያጨበጭባል። ግን ምን አወቃችሁ? እርሾ ሕይወት እንዳለው? ስኳር እንደሚመገብ? ሙቀት እንደሚስማማው? አንድ ጠርሙስ ብቻውን ከእነዚህ አንዱንም አይነግራችሁም። ከጎኑ የሚነጻጸርበት ሌላ ጠርሙስ የለማ። ያያችሁት ትርኢት ነው፤ ሙከራው ገና አልተጀመረም።

ትርኢቱን ወደ ሙከራ ለመቀየር ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ያው ጠርሙስና ያው እርሾ ይበቃሉ። ከሥራው አብዛኛው የሚያልቀውም እርሾው ሳይነካ፣ በእስክሪብቶና በወረቀት ነው። ተማሪዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ሲደረደር እጅ ይበላል። እባካችሁ ታገሡ። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል በእርሾው ምሳሌ እንሂድበት፤ መጨረሻ ላይ ለሌሎች ሙከራዎች እንዴት እንደሚሆን በአጭሩ እናያለን።

የትኛውን የሕይወት ሂደት ነው የምትለኩት?

የመማሪያ መጻሕፍት ሕያዋን የሚጋሯቸውን ሂደቶች ብዙ ጊዜ ሰባት አድርገው ይዘረዝራሉ፦ መንቀሳቀስ፣ ትንፈሳ፣ ለአካባቢ ለውጥ ምላሽ መስጠት፣ ማደግ፣ መራባት፣ ቆሻሻን ማስወገድና መመገብ። መሸምደዱ ቀላል ነው። ሙከራ ለመንደፍ ሲቀመጡ ግን ዝርዝሩ ብቻውን ብዙ አያራምድም። እሳት ይንቀሳቀሳል፣ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ያድጋል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል፤ ሕይወት ግን የለውም። የጨው ክሪስታልም ያድጋል። በተቃራኒው ደረቅ ዘር ወይም ደረቅ የእርሾ ፍሬ ለወራት ተቀምጦ ምንም የሚሠራ አይመስልም፤ ግን ሕያው ነው። ውሃ እስኪያገኝ ድረስ ሂደቶቹ እጅግ ቀዝቅዘው ነው ያሉት።

ስለዚህ ራሳችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ይህ ሂደት ሲካሄድ የሚለካ ምን ዱካ ይተዋል? ትንፈሳ ካርቦንዳይኦክሳይድና ሙቀት ይተዋል፤ ኦክስጅን ካለ ኦክስጅን ይቀንሳል። እድገት ርዝመትንና ክብደትን ይለውጣል። ብርሃን አስተፃምሮ ኦክስጅን ያወጣል፤ ቅጠል ውስጥም ስታርች ያከማቻል፤ ስታርቹ በአዮዲን ሲነካ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል። ለብርሃን የሚሰጥ ምላሽ ደግሞ ቡቃያው ባዘነበለበት አንግል ይለካል። ዱካውን ካላገኛችሁ ሙከራ የላችሁም።

በእርሾው ላይ የምንለካው ትንፈሳን ነው። እርሾ ሳንባ የለውም፤ ደረቱም አይነሳም አይወርድም። ነገሩ የሚካሄደው ሕዋሱ ውስጥ ነው፤ ስኳር ይፈርሳል፣ ጉልበት ይገኛል። ኦክስጅን በበቂ ሲኖር ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ስድስት የካርቦንዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ይወጣል። በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ግን ኦክስጅኑ ቶሎ ያጥራል። ያኔ ማብላላት ዋናው መንገድ ይሆናል፤ ከአንድ ግሉኮስ ሁለት ኤታኖልና ሁለት ካርቦንዳይኦክሳይድ ይወጣል። ፊኛውን የሚነፋው ይኸው ጋዝ ነው።

ጥያቄውን አጥብቡት

"እርሾ እንዴት ይኖራል?" ለመጽሐፍ ርዕስ ይሆናል፤ ለሙከራ ግን አይሆንም። ለሙከራ የሚሆን ጥያቄ አንድ የሚቀየር ነገርና አንድ የሚለካ ነገር አለው። ቅርጹም ሁሌም አንድ ነው፦ ይህ ሲቀየር ያኛው ምን ይሆናል? ለምሳሌ፦

የውሃው ሙቀት 10፣ 25፣ 40 ወይም 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን እርሾ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያወጣው ጋዝ መጠን እንዴት ይለያያል?

አሁን ሙቀት ማለት ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ ጊዜው ስንት እንደሆነ፣ የሚለካው ምን እንደሆነ ታወቀ። ሌላ ተማሪ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አንብቦ ሥራችሁን ሊገምት ይገባል። ካልገመተ ገና አልጠበበም ማለት ነው።

መላምቱ ሊሳሳት የሚችል ይሁን

መላምት ዝም ብሎ ግምት አይደለም። ምክንያት ይዞ የሚመጣ፣ ውጤቱም ሊያፈርሰው የሚችል መልስ ነው። "ሙቀት በእርሾ ላይ ተጽዕኖ ይኖረዋል" የሚል መላምት ብዙ ደብተር ላይ አለ። ከንቱ ነው። ጋዙ ቢጨምርም ቢቀንስም ልክ ይሆናልና ምንም አይነግረንም።

የተሻለው እንዲህ ይላል፦ "የጋዙ መጠን ከ10 እስከ 40 ዲግሪ እየጨመረ ይሄዳል፤ በ60 ዲግሪ ግን በጣም ይቀንሳል። ምክንያቱም ትንፈሳን የሚያካሂዱት ኢንዛይሞች ሲሞቁ ይፈጥናሉ፤ ሙቀቱ ሲበዛ ግን ቅርጻቸው ይበላሻል።" ይህ ሊሳሳት ይችላል። በ60 ዲግሪ ያለው ጠርሙስ ከሁሉም በላይ ጋዝ ቢያወጣ መላምቱ ወደቀ ማለት ነው። መውደቁ ደግሞ ነውር አይደለም። ነውሩ ውጤቱን ካዩ በኋላ ተመልሶ መላምቱን ማስተካከል ነው። መላምታችሁን ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት፤ ከዚያ በኋላ አትንኩት።

አንዱን ቀይሩ፣ ሌላውን ያዙ

የምትቀይሩት ነገር ነጻ ተለዋዋጭ ይባላል፤ እዚህ ላይ ሙቀቱ ነው። የምትለኩት ጥገኛ ተለዋዋጭ ነው፤ የጋዙ መጠን። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ከባዱ ሦስተኛው ክፍል ነው፦ እንዳይቀየሩ የምትይዟቸው ነገሮች በሙሉ።

ወረቀት አውጡና ጋዙን ሊጨምር ወይም ሊቀንስ የሚችል ነገር ሁሉ ዘርዝሩ። የእርሾው ክብደት፣ ከአንድ ፓኬት መሆኑ፣ የስኳሩ ዓይነትና ክብደት፣ የውሃው መጠን፣ የጠርሙሱ መጠን፣ የተናጠበት ጊዜ፣ ጋዙ መሰብሰብ የጀመረበት ቅጽበት። ከዚያ ከእያንዳንዱ አጠገብ እንዴት እንደምትይዙት ጻፉ። "ስኳሩ እኩል ይሆናል" አይበቃም። "በሚዛን 5 ግራም" በሉ። ማንኪያ አይታመንም፤ አንዴ ሞልቶ፣ አንዴ ጎድሎ ይሰፍራል።

የዝርዝሩን ዋጋ ለማየት የያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንትን ሥራ ማስታወስ ይበቃል። ይህ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ዛፍ አካሉን ከየት እንደሚያመጣ ለማወቅ ፈለገ። 200 ፓውንድ የደረቀ አፈር መዝኖ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አደረገ። 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። አቧራ እንዳይገባ በተበሳሳ ክዳን ሸፈነው። ለ5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣ። ዛፉ ወደ 169 ፓውንድ ደረሰ፤ አፈሩ የቀነሰው በ2 አውንስ ያህል ብቻ ነበር፤ ይህም ከ60 ግራም አይበልጥም። እሱም ዛፉ የተሠራው ከውሃ ብቻ ነው ብሎ ደመደመ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1648፣ ከሞተ በኋላ ታተመ።

ትዕግሥቱ ያስደንቃል፤ አመዛዘኑም እንደዚሁ። ስህተቱ የመጣው ካልዘረዘረው ነገር ነው፤ ከአየሩ። ዛፉ የአካሉን ካርቦን የወሰደው ከአየር ካርቦንዳይኦክሳይድ ነበር። የሚገርመው ደግሞ ከሰል ሲቃጠልና ነገር ሲብላላ የሚወጣውን ጋዝ አጥንተው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ራሱ ቫን ሄልሞንት መሆኑ ነው። ጋዙን ያውቀዋል፤ ወደ ዛፉ ይገባል ብሎ ግን አላሰበም።

በእኛ ሙከራም እንዲህ የተደበቀ ነገር አለ። ካርቦንዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ሊትር የሚጠጋ የዚህ ጋዝ መጠን ሊይዝ ይችላል። ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ከሙቅ ውሃ የበለጠ ይይዛል። ስለዚህ የ10 ዲግሪው ጠርሙስ ትንሽ ጋዝ ያሳየው እርሾው ስለቀዘቀዘ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ከወጣው ጋዝ ከፊሉ እዚያው ውሃው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሙቀቱን ስትቀይሩ ሳታስቡት ሁለት ነገር ቀየራችሁ ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አይቻልም። ውሃውን በማሳነስ ግን መቀነስ ይቻላል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ፋንታ 50 በቂ ነው። የቀረውን በመደምደሚያችሁ ላይ በግልጽ ትጽፉታላችሁ።

ማነጻጸሪያው

ከሁሉም በላይ የምጨነቅለት ክፍል ይህ ነው። ማነጻጸሪያ ማለት ከሙከራው ጠርሙስ ጋር በሁሉም ነገር አንድ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ የጎደለው ጠርሙስ ነው። የጎደለው ነገር ሥራ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ ልዩነት ነው።

ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቸስኮ ሬዲ እ.ኤ.አ. በ1668 ያሳተመው ሥራ እስካሁን ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። በዚያ ዘመን ትል ከበሰበሰ ሥጋ በራሱ ይፈጠራል ይባል ነበር። ሬዲ ሥጋ በማሰሮዎች አስቀመጠ። አንዳንዱን ክፍት ተወው፤ አንዳንዱን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ትል የታየው ዝንብ በገባበት ክፍት ማሰሮ ብቻ ነበር። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆም ነበር። እሱ ግን አንድ ተከራካሪ ምን ሊል እንደሚችል አሰበ፦ "ማሰሮውን ስትዘጋ አየሩንም ከለከልኸው፤ ትሉን ያጠፋው የአየር እጦት ቢሆንስ?" ስለዚህ ሌሎች ማሰሮዎችን በስስ ጨርቅ ሸፈነ። አየር ይገባል፤ ዝንብ አይገባም። ሥጋው ላይ ትል አልወጣም። ክርክሩ በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ተዘጋ።

እናንተም ጠርሙሶቹ ፊት ቆማችሁ ያንን ተከራካሪ አስቡት። ምን ይላችኋል?

"ፊኛውን የነፋው የሞቀ አየር ነው" ይላችኋል። ልክ ሊሆን ይችላል። አየር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በመጠኑ 14 በመቶ ያህል ይሰፋል። ጠርሙሱ ውስጥ 400 ሚሊ ሊትር አየር ካለ ያለ ምንም እርሾ ከ50 ሚሊ ሊትር በላይ ይጨምራል። መልሱ በየሙቀቱ እርሾ የሌለበት፣ ስኳርና ውሃ ብቻ ያለበት ጠርሙስ ማስቀመጥ ነው። እሱ ያሳየውን መጠን ከእርሾው ጠርሙስ ላይ ትቀንሳላችሁ።

"ዱቄቱ ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው እንጂ ሕይወት አይደለም" ይላችኋል። ለዚህ ደግሞ እርሾውን ለ10 ደቂቃ በውሃ አፍልታችሁ፣ ወደ 40 ዲግሪ አብርዳችሁ፣ ከስኳር ጋር በአንድ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉት።

"ጋዙ ከስኳሩ ለመምጣቱ ምን ማስረጃ አለህ?" ይላችኋል። እርሾና ውሃ ብቻ ያለበት፣ ስኳር የሌለው ጠርሙስ በ40 ዲግሪ አስቀምጡ። እዚህ ጥቂት ጋዝ ብታዩ አትደንግጡ፤ እርሾ በሕዋሱ ውስጥ ያከማቸው ስኳር አለው።

"ካርቦንዳይኦክሳይድ መሆኑንስ በምን አወቅህ?" ቢላችሁ ጋዙን በቱቦ ወደ ጠራ የኖራ ውሃ አሳልፉት። ውሃው ወተት ከመሰለ መልሱ ያ ነው።

በምን ትለካላችሁ?

ፊኛ ደስ ይላል፤ መለኪያ ሲሆን ግን ያታልላል። ዙሪያውን በክር ለክታችሁ አንዱ ከሌላው እጥፍ ሆኖ ቢገኝ ውስጡ ያለው ጋዝ እጥፍ አይደለም፤ ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። የክብ ነገር ይዘት በዙሪያው ኪዩብ ነዋ የሚያድገው። ላስቲኩም መጀመሪያ ላይ እንቢ ይላል፤ ከዚያ ይላላል። ከአንድ ፓኬት የወጡ ሁለት ፊኛዎች እንኳ አንድ ዓይነት አይለጠጡም።

ከተቻለ ጋዙን በውሃ መግፋት ሰብስቡ። የመለኪያ ሲሊንደር በውሃ ትሞላላችሁ፤ አፉን ይዛችሁ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ትገለብጡታላችሁ። ከጠርሙሱ ቡሽ የሚወጣውን ቀጭን ቱቦ ከሥሩ ታስገባላችሁ። ጋዙ ሲገባ ውሃው ይወርዳል፤ መጠኑን በሚሊ ሊትር በቀጥታ ታነባላችሁ። ስታነቡ ዓይናችሁ ከውሃው መስመር ጋር እኩል ይሁን።

ሲሊንደር ከሌለ ፊኛውን ተጠቀሙ፤ ግን ከዙሪያው ይዘቱን አስሉ። አረፋ መቁጠርም ይቻላል። ሆኖም የአረፋ መጠን ስለሚለያይና ሲፈጥን ለዓይን ስለሚያስቸግር የመጨረሻ ምርጫ አድርጉት። "ብዙ ተነፋ፣ ትንሽ ተነፋ" የሚል ጽሑፍ ግን በፍጹም። ቁጥር የሌለው ውጤት አይነጻጸርም።

ስንት ጊዜ?

ከአንድ ሙቀት አንድ ጠርሙስ ብቻ ካላችሁ ልዩነቱ ከሙቀቱ ይምጣ ወይስ ከላላ ቡሽ አታውቁም። ለእያንዳንዱ ሙቀት ቢያንስ ሦስት ጠርሙስ ይኑራችሁ። አራት ሙቀት በሦስት አሥራ ሁለት ጠርሙስ ነው፤ ማነጻጸሪያዎቹም ይጨመራሉ። ብዙ መሰለ? ክፍሉን በቡድን ከፋፍሉት፤ እያንዳንዱ ቡድን ሁሉንም ሙቀት አንድ አንድ ጊዜ ይሥራ። አንዱ ቡድን 10 ዲግሪን ብቻ፣ ሌላው 60ን ብቻ ከሠራ ግን የሙቀቱና የቡድኑ ልዩነት ይደባለቃል። ጎበዝ መዛኝ ያለበት ቡድን ሁሌም አለ።

የትኛው ጠርሙስ ወደ የትኛው ሙቀት እንደሚሄድ በዕጣ ይወሰን። በእርሻ ሙከራ ላይ ይህን ነገር አጥብቆ ያስተማረው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሮታምስተድ የምርምር ጣቢያ ይሠራ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው ሲመርጥ ሳያውቀው ያዳላል፤ ዕጣ አያዳላም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው

አስቀድማችሁ በአንድ ጠርሙስ የሙከራ ሙከራ አድርጉ። ዓላማው ውጤት አይደለም፤ ሲሊንደሩ ይበቃ እንደሆነ፣ ቡሹ ያፈስ እንደሆነ፣ 30 ደቂቃ ይረዝም ወይም ያጥር እንደሆነ ማየት ነው። ጋዙ በ10 ደቂቃ ሲሊንደሩን ከሞላው እርሾውን ቀንሱ። የቀየራችሁትን ለሁሉም ጠርሙስ ቀይሩ።

ከዚያ ዋናው ሥራ፦

1. በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ምልክት ጻፉ። ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ፤ ክዳን ይለዋወጣል።

2. ለእያንዳንዱ 5 ግራም ስኳርና 2 ግራም ደረቅ እርሾ መዝኑ። ስኳሩ የበዛው ሆን ተብሎ ነው። 5 ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ቢብላላ ወደ 1.4 ሊትር ጋዝ ይሰጣል፤ ስለዚህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምግቡ ያልቃል የሚል ስጋት የለም።

3. አራት ትልልቅ የውሃ መታጠቢያዎች አዘጋጁ፤ ሰፋ ያለ ገንዳ ወይም ባልዲ ይሆናል። ሙቀታቸውን በቴርሞሜትር ወደ 10፣ 25፣ 40 እና 60 አምጡ። የ10 ዲግሪው በረዶ ይፈልጋል። ትልቅ ዕቃ ምረጡ፤ ብዙ ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም።

4. 50 ሚሊ ሊትር ውሃና ስኳሩን ጠርሙሱ ውስጥ አሟሙ። ጠርሙሱን መታጠቢያው ውስጥ አቁሙና ለ10 ደቂቃ ጠብቁ። ይህን ደረጃ መዝለል ሁሉንም ያበላሻል። ውጭ ያለው ውሃ 40 ዲግሪ ሆኖ ውስጥ ያለው 22 ቢሆን ደብተራችሁ ላይ የምትጽፉት ቁጥር ሐሰት ነው።

5. እርሾውን ጨምሩ። ሁሉንም ለእኩል ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ10 ሰከንድ አናውጡ። ቡሹንና ቱቦውን ግጠሙ፤ ሰዓት ያዙ።

6. በየ5 ደቂቃው የጋዙን መጠን ጻፉ። የመታጠቢያውን ሙቀት በመጀመሪያ፣ በመሃልና በመጨረሻ መዝግቡ። የ60 ዲግሪው መውረዱ አይቀርም፤ በጥቂቱ ሙቅ ውሃ እየጨመራችሁ ያዙት።

ስለ ደኅንነት ሦስት ነገር። ጠርሙሱን በጥብቅ ክዳን ዘግታችሁ አትተዉት፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ሊፈነዳ ይችላል፣ ብርጭቆ ከሆነ ደግሞ አደገኛ ነው። የኖራ ውሃ ዓይን ይጎዳል፤ መነጽር አድርጉ። የሙከራውን ፈሳሽ ማንም አይቅመስ።

ሰንጠረዡና ግራፉ

ሰንጠረዡን ሙከራው ሳይጀመር አስምሩት። በግራ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ የሦስቱ ጠርሙሶች ውጤት፣ በመጨረሻ አማካዩ። መለኪያውን በርዕሱ ላይ ብቻ ጻፉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ሥር ሚሊ ሊትር ማለት አያስፈልግም።

እንበልና በ40 ዲግሪ የሦስቱ ውጤት 42፣ 45 እና 18 ሆነ። አማካዩ 35 ነው። ግን 35 ማንኛቸውን ይመስላል? አንዱንም አይመስልም። ብዙ ተማሪ 18ን ዝም ብሎ ይሰርዝና 43.5 ብሎ ይጽፋል። እንዲህ አይደረግም። መጀመሪያ ምክንያት ፈልጉ። ማስታወሻችሁ ላይ "የ3ኛው ቡሽ ያፈስ ነበር" የሚል ካለ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ያወጣችሁበትንም ምክንያት ትጽፋላችሁ። ምክንያት ከሌለ ቁጥሩ ይቆያል፤ ጊዜ ካለ ያንን ጠርሙስ ድገሙት። ለዚህ ነው በሙከራው ጊዜ ያያችሁትን ሁሉ፣ የማይረባ የሚመስለውን ጭምር፣ ወዲያው መጻፍ የሚያስፈልገው።

ግራፉ ላይ የቀየራችሁት ነገር በአግድም፣ የለካችሁት በቁም ይሆናል። ሙቀት ተከታታይ ቁጥር ስለሆነ ነጥብና መስመር ተጠቀሙ። የስኳር ዓይነቶችን ብታነጻጽሩ ኖሮ የአሞሌ ግራፍ ይሻል ነበር፤ በሁለት የስኳር ዓይነቶች መካከል ግማሽ የለምና። ከአማካዩ ጋር ትንሹንና ትልቁን ውጤት በቁም መስመር አሳዩ። የሁለት ሙቀቶች መስመሮች እርስ በርስ ከተደራረቡ ልዩነት አለ ለማለት አትቸኩሉ።

ሁለተኛ ግራፍም ሥሩ፦ በአግድም ደቂቃ፣ በቁም ጋዝ፣ ለእያንዳንዱ ሙቀት አንድ መስመር። ፍጥነቱን የሚያሳየው መስመሩ ምን ያህል ሽቅብ እንደሚወጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙ ጊዜ ዝግ ያሉ ናቸው፤ ደረቁ እርሾ እየራሰና እየነቃ ነው፣ የመጀመሪያው ጋዝም ውሃው ውስጥ እየሟሟ ነው። የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ የጻፈ ሰው ይህንን አያየውም።

መደምደሚያው ከውጤቱ አይለፍ

መደምደሚያ ሲጻፍ መጀመሪያ ቁጥሩን ተናገሩ፤ በየትኛው ሙቀት ስንት ጋዝ ወጣ። ቀጥሎ መላምቱን ይደግፋል ወይስ አይደግፍም በሉ። "ተረጋገጠ" የሚለውን ቃል ተዉት፤ በሦስት ጠርሙስ ምንም አይረጋገጥም። ከዚያ ምክንያቱን በባዮሎጂ አስረዱ። ኢንዛይሞች በሚስማማቸው የሙቀት ክልል ውስጥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነታቸው ብዙ ጊዜ ወደ እጥፍ ይጠጋል። የእናንተ ከ25 ወደ 40 ያለው ለውጥ ለዚህ ይቀርባል? 60 ዲግሪ ላይ ቢወድቅ የኢንዛይሞቹ ቅርጽ ተበላሽቷል፣ ሕዋሶቹም እየሞቱ ነው።

"እርሾ በ40 ዲግሪ ከሁሉም የተሻለ ይሠራል" ከማለታችሁ በፊት ግን አስቡ። የሞከራችሁት አራት ሙቀት ነው። በ33 ወይም በ37 የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ አላያችሁትም። ትክክለኛው አባባል "ከሞከርናቸው አራት ሙቀቶች ውስጥ ብዙ ጋዝ የወጣው በ40 ነው" የሚል ነው። ቀጣዩ ሙከራም ከዚህ ይወጣል፦ ከ30 እስከ 50 በየ5 ዲግሪው።

ስለ ድክመቶች ስትጽፉ "የሰው ስህተት ሊኖር ይችላል" ብላችሁ አትለፉ። ምንም አይነግርም። የትኛው ስህተት፣ ውጤቱን ወደየት ይገፋዋል? ጋዙ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መሟሟቱ የ10 ዲግሪውን ውጤት ዝቅ ያደርጋል። የ60 ዲግሪው ውሃ መቀዝቀዙ ደግሞ እርሾው በሕይወት ለመቆየት ዕድል ይሰጠውና ውጤቱን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። እንዲህ አቅጣጫውን ከጻፋችሁ አንባቢው ያምናችኋል።

በሌሎች ሙከራዎች ላይ

የዘር መብቀልን ለመሞከር ያው መንገድ ነው፤ ጥቂት ልዩነት ግን አለ። ዘር ለመብቀል ውሃ፣ ኦክስጅንና የሚስማማ ሙቀት ይፈልጋል። ብርሃን ብዙዎቹ አይፈልጉም፤ ሰላጣ ግን ከሚፈልጉት ነው። ስለዚህ "ዘር ለመብቀል ብርሃን ያስፈልገዋል?" ከማለት የዘሩን ዓይነት ጠቅሳችሁ ጠይቁ። በአንድ ሳህን 20 ዘር ብታስቀምጡ 20 ድግግሞሽ አገኘሁ አትበሉ። ሳህኑ ቢደርቅ ሃያዎቹም አብረው ይደርቃሉ፤ ድግግሞሹ ሳህኑ ነው። ሦስት ሳህን ይሻላል። "በቀለ" ማለት ምን ማለት እንደሆነም አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ለምሳሌ ሥሩ 2 ሚሊ ሜትር ሲወጣ። የጨለማውን ሳህን ለማየት በየቀኑ የምትከፍቱት ከሆነ ጨለማ አይደለም።

የልብ ምት ሙከራ ደግሞ በሰው ላይ የሚሠራ ስለሆነ ፈቃድ ይቀድማል። የልብ ወይም የአስም ችግር ያለበት ሰው አይሩጥ፤ ሰዓት ይያዝ። እዚህ ላይ ሰውን ከሰው ማነጻጸር ብዙ አይጠቅምም፤ የእያንዳንዱ የዕረፍት ምት ይለያያል። እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ጋር አነጻጽሩ፦ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ለኩ፣ ከዚያ ከሩጫው በኋላ ለኩ፣ ልዩነቱን ውሰዱ። 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 ብታባዙ አንድ ያመለጣችሁ ምት አራት ይሆናል። 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ስህተቱን ይቀንሳል። ከሩጫ በኋላ ግን ምቱ ቶሎ ስለሚወርድ 30 ሰከንዱ ይረዝማል፤ ያኔ 15ቱ ይሻላል። የመረጣችሁትን ለሁሉም ሰው፣ ከሩጫ በፊትም በኋላም፣ በእኩል ተጠቀሙ።